ከእትዬ ብርቄ ልብስ ማስጫ በላይ የሚያልፈው መንኮራኩር

መርካቶ ውስጥ ሰማይ ሰማይ እያየ የሚሄድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ካየሁም ወይ ለአገሩ እንግዳ ነው፣ ወይ ኪሱን ቤቱ ትቶ የመጣ ብልህ ነው። የመርካቶ ሰው ዓይን ሥራ ይበዛበታል። ከፊት የሚመጣውን ጋሪ ማየት አለበት፤ ከኋላ ካርቶን ከራሱ በላይ ቆልሎ «ዞር በል! ዞር በል!» እያለ የሚመጣውን በጆሮው ማየት አለበት፤ እግሩ ሥር ያለውን ጭቃ፣ ጎኑን የተጠጋውን ሰው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጎረቤት ሱቅ የገባውን ደንበኛ ማየት አለበት። ይህን ሁሉ አይቶ ሲጨርስ ይመሻል። ሰማይ ትዝ የሚለን ሲዘንብ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን የምናየው ደመናውን ሳይሆን የትኛው ሱቅ በረንዳ እንዳለው ነው።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ግርማ እባላለሁ፤ ዱባይ ተራ መጋረጃ እሸጣለሁ። ሰው ከውጪ እንዳይታይ ማድረግ ነው እንጀራዬ። እንዲህ ያለው ሰው በጎልማሳነቱ ማብቂያ እንዴት ሰማይ ላይ አፍጣጭ ሆነ ብትሉኝ፣ ጥፋቱ የጎረቤቴ ነው። ከሱቄ ጋር ግድግዳ የሚጋራ አንድ የልጆች መጫወቻ አስመጪ ከዕቃው ጋር ተቀላቅሎ የመጣ ረጅም ካርቶን ነበረው። ሲከፍተው የሰው ጭን የሚያህል ቱቦ ከነማቆሚያው ወጣ። ቴሌስኮፕ ነው። ደንበኛው ሁሉ እየነካካ «የውኃ ማጣሪያ ነው?» ሲለው፣ ዕቃው ወራት ሙሉ አቧራ ሲጠጣ ከረመ። በመጨረሻ በሁለት መስኮት መጋረጃ ተለዋወጥን፤ እሱ ተገላገልኩ ብሎ፣ እኔ አገኘሁ ብዬ ተጨባበጥን። ማን ማንን እንደሸወደ እስከ ዛሬ አልለየም።

መጀመሪያ ያየሁበት ጨረቃን ነው። አልዋሻችሁም፣ ደነገጥኩ። እንደዚያ ዘፈን የሚዘፈንላት ጨረቃ ለካ ፊቷ ፈንጣጣ የወጣበት ይመስላል! ቀጥሎ ስልኬን ስጎረጉር አንድ ነገር አነበብኩ። ሰዎች የሚበሉበት፣ የሚተኙበት፣ ጥርሳቸውን የሚቦርሹበት የጠፈር ጣቢያ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ መሬትን አንድ ጊዜ እየዞረ፣ አንዳንድ ቀን ልክ ጀንበር እንደጠለቀች በእኛው ሰፈር አናት ላይ ያልፋል። የሚያልፍበትን ሰዓት የሚናገር አፕም አለ። በተባለው ሰዓት ግቢ ወጥቼ ቆምኩ። ከምዕራብ በኩል ደማቅ ኮከብ የሚመስል ነገር ብቅ አለና፣ ብልጭ ድርግም ሳይል፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ሰማዩን አቋርጦ ሄደ። እዚህ ታች የመኪና ጥሩንባና የሱቅ ላሜራ ሲወርድ የሚያሰማው ኳኳታ፤ እዚያ ላይ ሰው! ዞር ብዬ ብመለከት ከእኔ በቀር ቀና ያለ አንድም አልነበረም።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይረካ ነበር። እኔ ግን ነጋዴ ነኝ፤ ያልጨበጥኩትን ነገር አገኘሁ አልልም። ፎቶ ላነሳው ቆረጥኩ። ነገሩ እንደ አፍ ቀላል አልነበረም። ጣቢያው እንደ ጨረቃ ቆሞ አይጠብቅም። ስልክህን ዓይን በሚጠጋበት መነጽር ላይ ታስራለህ፤ ስልኩ ቪዲዮ ይቀርጻል፤ አንተ በቱቦው ጀርባ ባለችው ትንሽ ማነጣጠሪያ እያየህ፣ ቱቦውን በእጅህ እየገፋህ፣ ያን የሚሮጥ ነገር ከመስቀለኛዋ መስመር ሳታስወጣ ትከተለዋለህ። ከዚያ ሁሉ ቪዲዮ ውስጥ አንዲት ደህና ምስል ከወጣች ዕድለኛ ነህ። የስልኩን ማሰሪያ ምናለሽ ተራ ሄጄ ከአሮጌ መጥበሻ እጀታ አሠራሁ። የእጁን ልምምድ ግን ከየትም ተራ መግዛት አይቻልም። በምን ልለማመድ? በጭልፊት ነዋ! መርካቶ ላይ እንደ ጭልፊት የሞላ ምን አለ? እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ አንዷን እመርጥና ስትዞር እዞራለሁ።

መዘዙም የመጣው ከጭልፊቷ ነው።

የምንኖርበት ግቢ ከአንዋር መስጊድ ሰፈር በታች ከሱቆች ጀርባ የተደበቀ ነው፤ ጥቂት ቤተሰብ አንድ ቧንቧና አንድ ልብስ ማስጫ እንጋራለን። የግቢው አንጋፋ እትዬ ብርቄ ናቸው። በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ በርበሬያቸውን እዚያው ግቢ ውስጥ ያሰጣሉ፤ የግቢውንም ሰው እንደ በርበሬያቸው በዓይናቸው ይጠብቃሉ። አንድ እሁድ ጭልፊቷን ስከተል፣ ዝቅ አለች፣ ዝቅ አልኩ፤ ከቆርቆሮው ጫፍ ላይ አረፈች፣ እኔም አረፍኩ። ከቆርቆሮው ሥር ደግሞ እትዬ ብርቄ ጸጉራቸውን ፈተው ሊታጠቡ ጎንበስ ብለዋል። መሣሪያው ሁሉን ነገር ገልብጦ ነው የሚያሳየው፤ በዚያ ላይ ቅርብ ያለ ነገር ያደበዝዛል። ጆሮ ይሁን ጣሳ ያልለየሁት አንድ ብዥ ያለ ነገር እያየሁ ዓይኔን ከመነጽሩ ሳነሳ፣ እሳቸውም ቀና አሉ። ቱቦው አፍጦባቸዋል።

«አንተ ግርማ! አዘቦት አዘቦት መጋረጃ ትሸጥልናለህ፣ እሁድ ደግሞ በቱቦ ትገልጠናለህ?»

ድምፃቸው እህል በረንዳ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። በሩ ሁሉ ተከፈተ። «ጭልፊት ነው እኮ የማየው» ብዬ ወደ ቆርቆሮው ባመለክት፣ ያቺ ከይሲ ጭልፊት ከሄደች ቆይታለች።

ይህን ስነግራችሁ እየሳቅኩ ነው፤ ያን ዕለት ግን አልሳቅኩም። በልጃቸው ሰርግ ድንኳን የተከልኩ፣ ባላቸው ያረፉ ጊዜ ከእድራችን ጋር ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ያደርኩ ሰው ነኝ። ሴት ወይዘሮ አጮልቆ ያያል ተብሎ መታማት እንዴት እንደሚያም ያልደረሰበት አያውቀውም። አመመኝ። ከእኔ የባሰ ያመማት ደግሞ ባለቤቴ ወይንሸት ናት። ቧንቧ ልትቀዳ ስትሄድ የሞቀው ወሬ ቀጥ ይላል፤ ጀሪካኗን ሞልታ ዞር ስትል ይቀጥላል። አንድ ቀን ባዶ ጀሪካን ይዛ ተመለሰችና «ውኃ የለም» አለችኝ። ከውጪ ቧንቧው ሲንፎለፎል ይሰማል።

ነገሩ ሐጂ ከድር ዘንድ ደረሰ። ሐጂ ከፊት ለፊታችን ጫማ በጅምላ የሚያከፋፍሉ ጎረቤታችን ናቸው፤ በእኛ ሰፈር ክርስቲያንም ተጣላ ሙስሊም፣ ነገሩ ማብቂያው እሳቸው በረንዳ ላይ ነው። ሰበሰቡን። እኔም ስለ ጣቢያው አስረዳሁ፤ ሰዎች እንዳሉበት፣ ከጣራችን በላይ እንደሚያልፍ፣ ጭልፊቷ ለልምምድ እንደሆነች። እትዬ ብርቄ እስክጨርስ ድረስ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሰሙኝ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሐጂ ግን አልሳቁም። ጢማቸውን ዳሰሱና ፈረዱ። «ግርማ፣ አንተ አየሁ የምትለውን እኛም እንየው። ፎቶውን አምጣ። ካመጣህ ቱቦው ግቢ ውስጥ ይቆማል፣ እትዬም ይቅር ይሉሃል። ካላመጣህ ቱቦው ይወጣል፤ ስሙም አንተው ላይ ይቀራል።»

እንግዲህ በምን እንደተያዝኩ ገባችሁ? ቀድሞ ለትርፍ ጊዜዬ ያነሳሁት ነገር አሁን የስሜ መያዣ ሆነ። መንኮራኩሩን ካልያዝኩት እኔ መያዜ ነው።

የመጀመሪያውን ሙከራ ደመና በላው። እሱን እተወዋለሁ፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከደመና ጋር የተከራከረ ማንም የለም። ሁለተኛው ግን ይነገራል። የሐጂ ሱቅ በር ላይ ያለው ፓውዛ ልክ ቱቦዬ አፍ ውስጥ ነው የሚያበራው። ሄጄ «ሐጂ፣ መንኮራኩሩ ሲያልፍ ለጥቂት ደቂቃ ያጥፉልኝ» አልኳቸው። ፍርድ የሰጠ ሰው ፍርዱ እንዲፈጸም መርዳት አለበት ብለው ነው መሰል፣ የእሳቸውን ብቻ ሳይሆን የረድፉን ሱቆች ሁሉ አስተባበሩልኝ። ሰዓቱ ደረሰ፤ ድርግም! መንገዱ ጨለመ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ያን ጊዜ ነበር የመርካቶን ጠባይ የረሳሁት።

መርካቶ ውስጥ መብራት ሲጠፋ የሚጠይቅ ሰው የለም። ለምን ጠፋ፣ ማን አጠፋው፣ መቼ ይመጣል የሚባል ነገር የለም። እጅ በራሱ ወደ ጄኔሬተር ይሄዳል። ያልተነገራቸው የማዶ ሱቆች ጨለማውን እንዳዩ አንዱ ገመዱን ጎተተ፤ እሱን ሰምቶ ሌላው ጎተተ፤ የራሳቸው የሐጂ ሠራተኛ እንኳ፣ መብራቱን በገዛ እጁ ያጠፋው ሰው፣ ድምፁን ሲሰማ አላስችል ብሎት ሄዶ አስነሳ። ግቢው ከነግድግዳው ይንቀጠቀጥ ጀመር። መንኮራኩሩ ገባልኝ፤ ግን በመነጽሩ ውስጥ እስክስታ ይወርዳል። ትከሻ ብቻ ሆነብኝ። ጭሱ ተከትሎ መጣና ቀሪውን ሸፈነው። ስልኬ ላይ የተቀረጸው እንደ ተናደደች ትንኝ የሚወዛወዝ ነጭ ነጥብ ብቻ ነው። የሚያበሽቀው ደግሞ በኋላ አንብቤ እንደደረስኩበት ጣቢያው ራሱ እጅግ ብሩህ ስለሆነ ጨለማ ጭራሽ አያስፈልገውም። ፓውዛውን በካርቶን መከለል ይበቃ ነበር።

«ወተቷስ?» አሉኝ እትዬ ብርቄ በማግሥቱ።

ከዚያ በኋላ ጠፋ። ጠባዩ እንደዚያ ነው፤ ጥቂት ቀን ይመላለስና በእኛ ምሽት በኩል ለሳምንታት አይታይም። በዚያ መሐል ስንቱ መከረኝ መሰላችሁ። «ቱቦውን ሽጠውና ይቅርታ ጠይቀህ ተገላገል» ያለኝ አለ። መሸጡስ ቀላል ነበር፤ ግን ሳልበድል ይቅርታ ብጠይቅ በደሉን መቀበሌ አይደለም? እንቢ አልኩ። ሳልይዘው ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ሱቅ ስገባ መጋረጃ እየዘረጋሁ፣ ሱቅ ስዘጋ ቱቦ እየገፋሁ ሰነበትኩ። ከጭልፊት ጋር ግን ተለያየን፤ አሁን የምከተለው ወደ ቦሌ የሚወርድ አውሮፕላን ብቻ ነው።

እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ቱቦውን ስገፋው ይዘላል፤ ስይዘው ይቆማል። አንድ ምሽት ወይንሸት በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «እስቲ ዞር በል» አለችኝ። ወይንሸት የምሸጠውን መጋረጃ ጠርዝ የምትሰፋው እሷ ናት፤ በእጇ ሜትር በሜትር ጨርቅ ሲያልፍ ውሎ ያድራል። በማነጣጠሪያዋ አየችና ቱቦውን ያዘች። አልገፋችውም፤ እንዲሁ አብራው ሄደች። አውሮፕላኑ ከቤቶቹ ኋላ እስኪገባ ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም። «ያቺን ቧንቧ ቀና ብዬ ካልቀዳሁባት ወይንሸት አይደለሁም» አለች፤ እኔ የማውቀው ግን ከዚያች ማታ ጀምሮ ከእኔ ይልቅ እሷ አፑን የምታይ መሆኗን ነው።

ተመልሶ የመጣበት ቀን ሰማዩ እንደ ታጠበ ሰሃን ጠርቷል። ፓውዛውን በጫማ ካርቶን ከለልነው፤ መብራት ያጠፋ፣ ጄኔሬተር የነካ ሰው አልነበረም። ሐጂ ከመግሪብ ሶላት መልስ መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ የግቢው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እትዬ ብርቄ ብቻ ጀርባቸውን ሰጥተውን ምስር ይለቅማሉ። በዚያ ብርሃን ምስርና ጠጠር እንደማይለይ ለማንም ግልጽ ነው። ከምዕራብ፣ ከሐጂ ጣራ የውኃ ታንከር አናት ላይ ብቅ አለ። «መጣ!» አልኩ፤ ወይንሸት ይዛዋለች። ስልኩን እኔ አያለሁ። መጀመሪያ ነጭ ነጥብ፤ ከዚያ ነጥቡ ወፈረ፤ ከዚያ፣ ወገኖቼ፣ ከግራና ከቀኝ ወርቃማ ክንፍ አወጣ። ገባ ወጣ ይላል፤ ግን ቤት ነው! የሰው እጅ የሠራው ቤት ነው! እናቴ በሞተች ጊዜ እንኳ ከሰው ፊት ያልፈሰሰ እንባ ያን ጊዜ መጣብኝ። ወይንሸት ከእትዬ ብርቄ ልብስ ማስጫ በላይ አሳልፋ፣ ወደ ምሥራቅ ዝቅ አድርጋ፣ የመንገዱን የመብራት ገመድ ተሻግራ፣ የመሬት ጥላ ውስጥ ገብቶ እስኪጠፋ ድረስ አልለቀቀችውም።

ወዲያው ከቪዲዮው ውስጥ ምርጧን ምስል አወጣሁና ስልኩን ለሐጂ ሰጠሁ። ክንፏ የሚቆጠር፣ ጥርት ያለች ምስል ናት። ሐጂ ስልኩን ወደ ብርሃን አዘነበሉ፤ እንደ ጫማ ሶል አገላብጠው አዩት።

«ግርማ» አሉ በኀዘን፣ «ይሄ በጣም ያምራል።»

ይህ በሌላ አገር ምስጋና ነው። በመርካቶ ግን ፍርድ ነው። ሐጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጫማ ሲነግዱ የተማሩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ፎርጅዱ ሁልጊዜ ከኦሪጅናሉ ይልቅ እንደሚያምር ነው። ስፌቱ የጠራ፣ ማርኩ የሚያበራ ጫማ ሲያዩ ወዲያው ይጠረጥራሉ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው የሰፈራችን ሕግ። «ከኢንተርኔት ያወረድከው ነው» አሉኝ። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሁሉም ያን ያህል ያማረ ነገር እውነት ሊሆን እንደማይችል ተስማማ። እትዬ ብርቄ ምስራቸውን አስቀምጠው «እኔስ ምን አልኩ!» አሉ። ያን ሁሉ ለፍቼ፣ ይዤው፣ በጣም ስለያዝኩት ተሸነፍኩ።

ወይንሸት ስልኩን ከሰው እጅ መንጭቃ ወሰደች። «የተበላሹትንም ይዩአቸው» አለችና ቪዲዮውን ወደ መጨረሻው ገፋችው። እዚያ ጋ መንኮራኩሩ ዝቅ ብሎ ደብዝዟል፤ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ የመብራቱ ገመድ እንደ ወፍራም ጥላ ያቋርጠዋል። ገመዱ ላይ ደግሞ አንድ ብዥ ያለ ሰማያዊ ነገር ተንጠልጥሏል። ሐጂ ወደ ስልኩ ተጠጉ።

«ቆይ ቆይ። ይሄ የእኔ ፌስታል አይደለም እንዴ?»

ነው! አምና ነፋስ ከሱቃቸው አንሥቶ ገመዱ ላይ የሰቀለው፣ ማንም ሊያወርደው ያልቻለ፣ ሐጂ በየጠዋቱ የሚረግሙት ሰማያዊ ፌስታል ነው። ከእሱ ኋላ፣ ሁለት ክንፉን ዘርግቶ፣ ጣቢያው ያልፋል። ሐጂ ብድግ አሉ። «ይሄማ ኦሪጅናል ነው! የኔን ፌስታል ማን ኢንተርኔት ላይ ይጭናል?» ሲሉ ግቢው በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ።

እትዬ ብርቄ ስልኩን ተቀብለው ክንዳቸውን ዘርግተው በሩቅ አዩት። ብዙ አዩት። «እውነትም ቤት ነው» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ስምህን አጠፋሁ። ይቅር በለኝ።» «ይቅር ለእግዜር» ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል አገጬን ይዘው አነሱኝ። ወይንሸትንም ግንባሯን ሳሟት። እዚህ ላይ ነበር ዝም ማለት የነበረብኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ አሸናፊ ግን መቼ ዝም ይላል!

ሐጂ ጠየቁኝ፤ «እነሱስ እኛን ያዩናል?»

«እንዴታ!» አልኩ፣ መንኮራኩሩን እኔ የሠራሁት ይመስል። «ወደ ታች የሚያይ ትልቅ መስኮት አላቸው እኮ! ካሜራቸውማ የእኔ ቱቦ ምን ይሆናል ከእሱ አጠገብ! አዲስ አበባን ስንት ጊዜ ፎቶ አንሥተዋታል።»

እትዬ ብርቄ ቀስ ብለው ዓይናቸውን ወደ ልብስ ማስጫው አዞሩ። እዚያ ላይ የተሰጣውን አልናገርም።

በማግሥቱ ጠዋት ሸራ ተራ ሄደው ግቢውን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን ወፍራም ሸራ አስመጡ። «እትዬ፣ ይቅር ተባብለን የለም እንዴ?» አልኳቸው ደንግጬ።

«አንተን ይቅር ያልኩህ ስለማውቅህ ነው» አሉኝ። «እነዚያን የት አውቃቸዋለሁ?»

ካሜራው ከተማ እንጂ ቀሚስ እንደማያይ አስረዳሁ፣ ማልሁ፣ ተገዘትሁ። ትናንት ያስጨበጨበልኝ አፌ ዛሬ የሚያምነው አጣ። ደግነቱ ሸራው ቀኑን ሙሉ ቢዘረጋ በርበሬው አይደርቅም፤ ስለዚህ እትዬ ብርቄ መላ ዘየዱ። ሸራው ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ የሚዘረጋው እነዚያ ሰዎች በሚያልፉበት ሰዓት ብቻ ነው። ሰዓቱን የሚነግራቸውም እኔ ነኝ፤ ከእኔ በቀር ማን ያውቃል? እሺ አልኩ። ነገሩ የገባኝ ቤት ገብቼ ለወይንሸት ስነግራት፣ እሷ አልጋ ላይ ወድቃ ስትስቅ ነው። ሰማዩ ቀንም ሌትም የእኔ ነው፤ ከምፈልጋቸው ከእነዚያ ደቂቃዎች በቀር።

ቃሌን ጠበቅሁ። ቀጥሎ ሲያልፍ ተናገርኩ፤ ሸራው ተዘረጋ፤ ረጅም እኔ ስለሆንኩ ጥጉን በገዛ እጄ አሰርኩት። ከሥሩ ቆመን ሰማያዊ ሸራ አየን። «አለፉ?» አሉኝ እትዬ ብርቄ በሹክሹክታ። ሰዓቴን አየሁና «አለፉ» አልኩ። እርካታቸው ያስቀና ነበር።

ዛሬ ማታ ደግሞ ያልፋል። ደመና የለም፤ ልክ በአናታችን ላይ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ማለፊያ እስከዚህ ወር መጨረሻ የለም። ገና ጀንበሯ ሳትጠልቅ እትዬ ብርቄ በራቸው ላይ ወጥተው «ዛሬስ?» አሉኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

«ዛሬ እሁድ አይደል እትዬ?» አልኳቸው። «እነሱም ያርፋሉ።»

«ጎሽ፤ ሃይማኖት አላቸው ማለት ነው» አሉና ሊገቡ ሲሉ ቆም አሉ። ወይንሸት ግቢው መሐል ተቀምጣ የቱቦውን መነጽር ትወለውላለች። እሷን አዩ፤ እኔን አዩ። ገብተው በሩን ዘጉት።

ሲወጡ የፋሲካውን ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፤ ጸጉራቸው ተበጥሯል፤ ዓይናቸውን ተኩለዋል። በርጩማቸውን ከልብስ ማስጫው ሥር፣ ምንም ከማይከልለው ሰማይ በታች አስቀምጠው ተቀመጡና ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

«በል ሲደርሱ ንገረኝ» አሉኝ። «ፎቶ ላይ ዓይኔን መጨፈን ልማዴ ነው።»